ሰው አይተው መጽሐፍ ለሚመርጡልን ጋሼ፦ ከደብረ ብርሃን ምስጋናና ጥቆማ

ይህን የምጽፈው በደብረ ብርሃን፣ ከመናኸሪያው ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ፣ ከብርድ ልብስ መሸጫዎቹ ጎን ባለች ጠባብ የቆርቆሮ ሱቅ ያገለገሉ መጻሕፍት የሚሸጡትንና የሚያከራዩትን አባት ለማመስገን ነው። ስማቸው እንዲጠራ አልፈቀዱልኝም። እኛም «ጋሼ» ነው የምንላቸው፤ በዚሁ ይለፍ። ምስጋናውን ግን ዝም ብዬ ልይዘው አልችልም። ቤቴ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ፣ ከእናቴ ጀምሮ እስከ አሥረኛ ክፍል ተማሪዋ ልጄ ድረስ፣ በእኚህ ሰው ምርጫ ተጠቅሟል።

መጽሐፍ የሚሸጥ ሰው በየከተማው አለ። የጋሼ ልዩነት ሳይጠይቁ የማይሰጡ መሆናቸው ነው። «ጥሩ መጽሐፍ ስጡኝ» ብሎ ለገባ ሰው እጃቸውን ወዲያው ወደ መደርደሪያው አይሰዱም። «ለማን ነው? ቀን ነው የሚያነበው ወይስ ማታ ከሥራ ገብቶ? ጀምረሽ የተውሽው የትኛው ነው? የት ላይ ስትደርሺ ተውሽው?» ይላሉ። የወደድነውን መጽሐፍ ሁላችንም እንናገራለን፤ ጀምረን የተውነውን ግን የሚጠይቀን የለም። እርሳቸው ያቆምንበትን ገጽ ሰምተው ነው ቀጣዩን የሚመርጡልን። የመጽሐፉ መክበድ ይሁን የእኛ መድከም፣ ከዚያ መልስ ይለዩታል።

ለእናቴ በትልልቅ ፊደል የታተመ መጽሐፍ ፍለጋ ወደ እርሳቸው የሄድኩ ጊዜ ልሸጥልሽ አላሉኝም። ዓይኗ እንደደከመ ስነግራቸው «ጆሯቸውስ?» ብለው ጠየቁኝ። ጆሮዋ ደህና ነው። «እንግዲያው ገንዘብሽን አታውጪ። የሐዲስ ዓለማየሁን ፍቅር እስከ መቃብር በወጋየሁ ንጋቱ ትረካ አሰሚያቸው፤ ስልክሽ ላይ ይገኛል። በአንድ ቀን ብዙ አታስኪጂባቸው» አሉኝ። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. የታተመ፣ ትረካውም በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተላለፈና አገር ያወቀው ነው፤ እኔ ግን ለገዛ እናቴ ይሆናል ብዬ አስቤው አላውቅም ነበር። እናቴ ማታ ማታ ጥጥ እየፈተለች ታዳምጠው ጀመር። ፊታውራሪ መሸሻ በገበሬው ላይ ሲቆጡ እንዝርቷን ታቆማለች። ጉዱ ካሣ መናገር ሲጀምር ደግሞ ሁላችንንም «ዝም በሉ!» ትለናለች። ገበሬዎቹ በአበጀ በለው መሪነት ተነሥተው ፊታውራሪን የማረኩ ዕለት ብቻዋን እልል አለች። ወጋየሁ ለእያንዳንዱ ሰው የሚሰጠው ድምፅ፣ አወራረዱና አነሣሡ፣ ዓይን ለደከመበት ሰው ትልቅ ጸጋ ነው። ቤታችሁ ማንበብ የተሳናቸው እናት ወይም አባት ካሉ ይህንን ዛሬውኑ ክፈቱላቸው።

ከሁሉም በላይ የማመሰግናቸው ግን አደፍርስን ስለሰጡን ነው። የዳኛቸው ወርቁ ልቦለድ ነው፣ በ1962 ዓ.ም. የወጣ። ደራሲው የደብረ ሲና ልጅ ነው፤ ታሪኩም የሚካሄደው እዚያው በእኛው አገር ነው። አደፍርስ ከዩኒቨርሲቲ ለአገልግሎት የመጣ ወጣት ነው። በአንድ ወገን እርሱና የተማረው ትምህርት፣ በሌላው ወገን እንደ ወይዘሮ አሰጋሽ ያሉ ባለ ርስቶች፣ ቀሳውስቱ፣ ባላገሩና ሙግቱ አሉ። መጽሐፉ ከባድ ነው የሚል ስም ስላለው ብዙ ሰው ጥቂት ገጾች ገልጦ ይመልሰዋል። ጋሼ ይህን ስለሚያውቁ መጽሐፉን ሲሰጡኝ አብረው መላ ሰጡኝ፦ «ይህ በዓይን ብቻ አይነበብም፤ ሰው የሚነጋገርበት መጽሐፍ ነው። ልጅሽ ድምፅ አውጥታ ታንብበው፣ እናትሽ ይስሙ፣ አንቺ መሃል ተቀመጪ።»

እንዳሉት አደረግን። እናቴ ደብረ ሲና አጠገብ ያለችው የአርማንያ ልጅ ናት። ልጄ ንግግሩን እንደ ትምህርት ቤት ምንባብ በአንድ ዜማ ስታነበንበው እናቴ ታስቆማትና «እንዲህ አይደለም የሚባለው፤ ይህቺ ሴት እየተቆጣች ነው» ትላታለች። ልጄም ትመለስና ተቆጥታ ታነበዋለች። ምርቃቱና እርግማኑ፣ የባላገሩ ተረት፣ በነገር መወጋጋቱ ሁሉ በእናቴ አፍ ሲስተካከል መጽሐፉ ተከፈተልን። ታሪኩን ለመጨረስ ቸኩሎ ለሚያነብ ሰው አይሆንም፤ አንድ ንግግር ላይ ቆሞ ደግሞ ለማንበብ ፈቃደኛ ለሆነ ግን በአማርኛ ከተጻፉት ልቦለዶች ሁሉ እኔ አስቀድመዋለሁ። ልጄ ከዚያ በፊት ደብረ ሲናን የምታውቃት ከጣርማ በር ዋሻ ወጥተን ቁልቁለቱን ከወረድን በኋላ አውቶቡስ ቆሞ ቆሎ የምንገዛባት ከተማ አድርጋ ነበር። አሁን በዚያ ስናልፍ የመስኮቱን ወንበር ለማንም አትሰጥም፤ «የወይዘሮ አሰጋሽ ቤት በየት በኩል ይሆን የነበረው?» እያለች አያቷን ትጠይቃለች። እናቴም ያላየችውን ቤት በእጇ ታመለክታታለች።

ጋሼ ፊልምም ይመርጣሉ። ወንድሜ ከስደት ተመልሶ ቤት በዋለበት ወቅት ጎረቤቱ ሁሉ «ምን ይዞ መጣ?» ይል ነበር፤ እርሱ ደግሞ ከማንም ጋር አይነጋገርም። ይህን ስነግራቸው መጽሐፍ አላሉኝም። የኃይሌ ገሪማን ጤዛ እንድናይ ነገሩኝ። በ2008 እ.ኤ.አ. በቬኒስ የፊልም በዓል የዳኞች ልዩ ሽልማት ያገኘ፣ በዓመቱም ፌስፓኮ በሚባለው የዋጋዱጉ የአፍሪካ ፊልም በዓል የመጀመሪያውን ሽልማት የወሰደ ፊልም ነው። አንበርብር የሚባል ጀርመን አገር ሕክምና የተማረ ሰው ከብዙ ዓመት በኋላ ጣና ዳር ወዳለው መንደሩ፣ ወደ እናቱ ይመለሳል። መንደሩ ግን የተወው መንደር አይደለም፤ ለጦርነት ልጆች ይታፈሳሉ። «ብቻውን አይየው፤ አጠገቡ ተቀመጪ፣ ግን ምንም አትጠይቂው» አሉኝ። ከሁለት ሰዓት በላይ ይሄዳል፣ አንዳንዱ ቦታ ለማየትም ይከብዳል። ልጆቹ ከአፈሳ ሸሽተው ዋሻ ውስጥ ወደተደበቁበት ስንደርስ ወንድሜ እርሱም ድንበር ላይ የተደበቀበትን ጉድጓድ ነገረኝ። ስለ ስደቱ አፉን የከፈተው ያን ጊዜ ነው። ፊልሙ ፈወሰው አልልም፤ ከዚያ ወዲህ ግን ጥቂት ጥቂት ይነግረናል።

ስለ ቴሌቪዥን ድራማ ሲጠየቁ መልሳቸው አጭር ነው፤ ሰው ለሰውን ይጠሩና የአበበ ባልቻን አስናቀ ብቻ ለማየት እንኳ ይበቃል ይላሉ። እኔም እስማማለሁ።

የማንስማማበትም አለ። የበዓሉ ግርማን ኦሮማይ ለወጣት ሲጠየቁ ይዘገያሉ፤ መጽሐፉ የሚተርክለትን፣ ደርግ በኤርትራ ያካሄደውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ ታሪክ አስቀድሞ ማወቅ አለበት ይላሉ። መጽሐፉ በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ እንደታገደ፣ ደራሲውም በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ ወጥቶ እንደቀረ ሳያውቅ የሚያነብ ሰው ግማሹን ብቻ ነው የሚያነበው ባይ ናቸው። እኔ ደግሞ መጀመሪያ መጽሐፉ ይሰጠው፣ ታሪኩን ራሱ ይጠይቃል እላለሁ። ልጄ በሚመጣው ክረምት እንድታነበው አስፈቅጃቸዋለሁ።

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። በእያንዳንዱ የኪራይ መጽሐፍ ሽፋን ውስጥ አንድ ቁራጭ ወረቀት አለ፤ ከአሮጌ የግድግዳ ካሌንደር በመቀስ የተቆረጠ ነው። አንብቦ የሚመልስ ሰው ስሙን አይጽፍበትም፤ መጽሐፉ ለማን እንደሚሆን ብቻ ይጽፋል። «ለሌሊት ጥበቃ ሠራተኛ ይሆናል፣ እንቅልፍ አያስወስድም።» «ከባሏ ጋር ለተጣላች አይሰጥ።» «ለአባቴ ባነበብኩለት ኖሮ።» በእርሳስም በእስክሪብቶም የተጻፈ አለ፤ አንዱ ፊደል ገና የሚማር ልጅ የጻፈው ይመስላል። እኔ አሁን መጽሐፍ የምመርጠው ከጀርባው ካለው ማስታወቂያ ሳይሆን ከዚህ ወረቀት ነው።

መሄድ ለምትፈልጉ፦ ከረፋድ በፊት አትሂዱ፤ በብርዱ ምክንያት ሱቁን የሚከፍቱት ፀሐይ ሞቅ ካለች በኋላ ነው። ለኪራይ መያዣ ያስፈልጋል፤ የኪራዩ ዋጋ የአንድ ማኪያቶ አይሞላም። ተማሪ ከሆነ የትምህርት ቤት መታወቂያ ይበቃዋል። ከአንኮበር፣ ከመንዝ ወይም ከደብረ ሲና የምትመጡ ለመመለስ እንደምትዘገዩ አስቀድማችሁ ንገሯቸው፣ ጊዜ ይጨምሩላችኋል። ጋቢያቸውን ተከናንበው እያነበቡ ስለሚቀመጡ ቀና ብለው ካላዩአችሁ «ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ» በሉ።

በእጃቸው ያለው አደፍርስ አንድ ብቻ ነው፤ ጥራዙ ተፈቷል፣ ለመዋስም ተራ የሚጠብቅ ሰው አለ። አዲስ አበባ ወይም ሌላ ቦታ ያላችሁ፣ ቤታችሁ ተቀምጦ የማይነበብ ቅጂ ካለ በመናኸሪያው በኩል ለሚመጣ ሰው አስይዛችሁ ላኩላቸው፤ የሚሸጥ ከሆነም ዋጋውን እዚሁ ጻፉልኝ፣ እኔ እከፍላለሁ።