የባራ ደሴት ነርሶችን አመስግኑልኝ

ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፈው ምስጋናውን በሆዴ ይዤ መቀመጥ ስላቃተኝ ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ። በተለይ ስኮትላንድ ያላችሁ፣ ደሴት ላይ ሥራ አግኝታችሁ «እዛ ልጅ ቢታመምብን ምን ይውጠናል?» እያላችሁ የምታመነቱ፣ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

የምንኖረው ባራ ነው። ከስኮትላንድ በስተምዕራብ ውቅያኖስ ላይ ያለች ትንሽ ደሴት ናት። ሕዝቡ 1,200 ገደማ ነው። ዋናው መሬት ላይ ካለችው የወደብ ከተማ ከኦባን በመርከብ አምስት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። ከግላስጎ አውሮፕላንም አለ፣ ግን የሚያርፈው አሸዋ ላይ ነው። የምሬን ነው! ማረፊያው የባህሩ ዳርቻ ነው፤ ውሃው ሲሸሽ ያርፋል፣ ውሃው ሲመለስ ማረፊያ የሚባል ነገር የለም። የበረራው ሰዓት ራሱ የሚወጣው የባህሩን ጠባይ አይቶ ነው። ንፋስ ከተነሳ ደግሞ መርከቡም ይቀራል፣ የሱቁ መደርደሪያ ባዶ ይሆናል፣ ዳቦ ይናፍቃል። ባለቤቴ የሳልሞን ዓሣ እርባታ ላይ ሥራ አግኝቶ «እንሂድ» ሲለኝ «አብደሃል እንዴ?» ነበር ያልኩት። ልጃችን አስም አለበት።

በፊት የነበርንበትን ከተማ ስም አልጠራም። ትልቅ ከተማ ነው፣ ሐኪም ሞልቷል። ግን ጠዋት በነሱ 8 ሰዓት የጤና ጣቢያው ስልክ ሲከፈት ትደውያለሽ፣ ሙዚቃ ሲያሰሙሽ ይቆያሉ፣ ሰው ሲያነሳ «የዛሬው ቀጠሮ አልቋል፣ ነገ ሞክሪ» ትባያለሽ። ነገም ያው ነው። ልጁ ሌሊቱን ሙሉ ሲያስል ያድራል፣ እኔ ጠዋት ስልክ ላይ ደጅ እጠናለሁ። እንደምንም የገባን ቀን ደግሞ ሐኪሙ ልጁን ትቶ ኮምፒውተሩን ነው ያየው። ከዚያ ወደኔ ዞሮ ድምፁን ከፍ አድርጎ «እንግሊዝኛ ትሰሚያለሽ?» አለኝ። ጆሮዬማ ደህና ነው! «ቫይረስ ነው፣ ፓራሲታሞል ስጪው» ተብለን ወጣን። ሌላ ቦታ ደግሞ ልጄን አቅፌ ላስቲክ ወንበር ላይ ያነጋሁበት ሌሊት አለ፣ እሱን ሆድ ይፍጀው።

እንግዲህ ባራ ገብተን የመጀመሪያው ክረምት ላይ ልጄ ሌሊት ትንፋሽ አጠረው። ባለቤቴ ለጉዳይ ኦባን ሄዶ፣ መርከብ ቀርቶበት እዛው ተይዟል። ውጭው ንፋስ ብቻ ነው፣ መስኮቱ ይጮሃል። 999 ደወልኩ። አምቡላንሱ ከጠበቅኩት ፈጥኖ መጣ፤ የመጣው ሰውዬ ሱቅ ስንሄድ የምንተዋወቀው ነው፣ ልጄን በስሙ ጠራው። ካስልቤይ ወደሚገኘው ሴንት ብሬንዳን ሆስፒታል ወሰዱን። ሆስፒታል ስላችሁ ፎቅ እንዳታስቡ። አልጋዎቹ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ነርሷ በሩ ላይ ነበረች። ልጄ የመተንፈሻ ማስኩን አላደርግም ብሎ ይታገላል፣ በታገለ ቁጥር ትንፋሹ ይብስበታል፣ እኔ አለቅሳለሁ። እሷ አልጮኸችም፣ አልያዘችውም። መሬት ላይ ተንበረከከችና ሌላ ባዶ ማስክ አውጥታ እኔ ፊት ላይ አሰረችው! እንባዬም ንፍጤም እየወረደ፣ ማስክ አድርጌ ቁጭ አልኩ። ልጄ አየኝና «እማ ዝሆን መሰልሽ» ብሎ በዚያች በተቆራረጠች ትንፋሹ ሳቀ። ሲስቅ የሱን አደረገችለት። አለቀ። እኔ ስንት ለምኜ ያልሆነልኝን!

ከዚያ ሐኪሙ መጣ፣ ከሌላ ሆስፒታል ሐኪሞች ጋር በስክሪን አወሩ፣ ቁጥር ነው የሚጠራሩት፣ አንዱም አልገባኝም። «ሄሊኮፕተር ዝግጁ ይሁን» ሲሉ ግን ሰማሁና ጉልበቴ ከዳኝ። ነርሷ ሳልጠይቃት መጣች። «ስለባሰበት አይደለም። ምናልባት ካስፈለገ በዚህ ንፋስ ጊዜ እንዳናጣ ቀድመን መናገር አለብን» አለችኝ፣ ቀስ ብላ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች። ለእናት ይህን መናገር ስንት ብር ያስወጣል? ከተማ ውስጥ ያጣሁት ይህንኑ ነው። ደግነቱ ሄሊኮፕተሩ አላስፈለገም። ሲነጋ ልጄ እንቅልፍ ወሰደው፣ እኔም ነፍሴ መለስ አለች። የነርሷ ተራ አልቆ ሌላ ተረኛ ገብታለች፣ እሷ ግን ሻይ በወተት አፍልታልኝ አጠገቤ ቁጭ ብላለች።

በዚህ አላበቃም። ቤት ድረስ መጥታ አየችው። ረከቦቱን አየች፣ ዕጣኑ ሸቷታል። አሁን ልትቆጣኝ ነው ብዬ ተሸማቀቅኩ። እሷ «ይሄ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝና ተቀምጣ አቦሉንም ቶናውንም ጠጣች። ከዚያ ስለ አያቷ ቤት አወራችኝ፤ እዚህ ድሮ ከረግረግ የተቆፈረ አፈር አድርቀው ያነዱ ነበር፣ የዚያ ጭስ ሽታ እስከዛሬ ይናፍቃታል። «ግን ለሱ ደረት አይሆንም፣ ያንቺም ዕጣን እንደዛው» አለች። ክብሬን ሳትነካ ነገረችኝ። ዕጣኑን ተውኩ፣ ቡናው ግን ቀጥሏል።

ስሟን ልጽፍ ስል «ኧረ ተዪኝ» ብላኛለች፣ ስለዚህ ሁሉንም ነው የማመሰግነው፤ ነርሶቹን፣ ሐኪሙን፣ የአምቡላንሱን ሰዎች። ተባረኩልኝ!

ወደ ደሴቶቹ የምትመጡ፣ እንደደረሳችሁ መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ተመዝገቡ፣ ሳትታመሙ። ከሥራ ሰዓት ውጭ የሚደወለው 111 ነው፣ ነፍስ የሚያሰጋ ከሆነ 999። ቋንቋ ካስቸገራችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ አይከፈልበትም፣ አትፈሩ። የታዘዘ መድኃኒት ስኮትላንድ ውስጥ ከ2011 ጀምሮ በነጻ ነው። ለቀጠሮ ከደሴቱ ውጭ ወዳለ ሆስፒታል ከተላካችሁ ደግሞ የመንገድ ወጪ የሚተካበት አሠራር አለ፤ ከ30 ማይል በላይ ወይም በባህር ከ5 ማይል በላይ ከሆነ ጠይቁ። የመርከቡን ደረሰኝ እንዳትጥሉ! እኔ ይህን ሁሉ ያወቅኩት ከነርሷ ነው፣ ከተማ እያለን አንድም የነገረኝ የለም።

እና በነገራችን ላይ፣ ከግላስጎ ወደዚህ የሚመጣ ሐበሻ ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። ቡና ያምጣልኝ፣ ጥሬው ይሁን። የኔን ነርሷ ጨርሳዋለች።