ሮሚዮ በሁለት ቋንቋ፣ ጣሃ ብቻውን

ፍልስጤማውያን በጦርነት መሃል ስላለ ፍቅር የሠሯቸውን ሁለት ትያትሮች ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው።

አንዱ እ.አ.አ. በ1994 እየሩሳሌም ላይ የታየው "ሮሚዮና ጁልየት" ነው። የፍልስጤሙ አል-ቀሰባ እና የእስራኤሉ ኻን ትያትር አብረው ሠሩት። ሮሚዮ ከዘመዶቹ ጋር በአረብኛ ያወራል፤ ጁልየት ጋ ሲደርስ ግን በዕብራይስጥ። ፍቅሩም በሌላው ወገን ቋንቋ መሆኑ ነው እንግዲህ!

"ጣሃ" ግን የአንድ ሰው ትያትር ነው። ዓመር ህለይሄል ጽፎ ራሱ ይጫወተዋል። ፍልስጤማዊው ገጣሚ ጣሃ መሐመድ ዓሊ እ.አ.አ. በ1948 የአረብ-እስራኤል ጦርነት፣ በ17 ዓመቱ፣ ከሰፉሪያ መንደር ወደ ሊባኖስ ይሰደዳል። በኋላ ተመልሶ እስራኤል ውስጥ ያለችው ናዝሬት ይገባል። ሱቅ ከፍቶ ለተሳላሚዎች የማስታወሻ ዕቃ ይሸጣል። የታጨችለት አሚራ ግን እዚያው ሊባኖስ ቀረች። መርዝ የለም፣ ጩቤ የለም። ድንበር ብቻ። አንጀቴን የበላው ይሄኛው ነው።