ከባጃጄ የቀዱትን ቤንዚን መልሰው ለኔው ሊሸጡልኝ!

ድሬ ውስጥ ባጃጅ የምትነዱ ይህን አንብቡ። እጄ ገና ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል፤ ንዴቱም አልበረደልኝም።

የሃይላንድ ቤንዚንን ነገር ለናንተ አልተርክም። ማደያው ወይ ሰልፍ ነው ወይ "የለም" ነው። ጥላ ሥር የተደረደሩትን ጠርሙሶች ስታዩ ትቆማላችሁ፣ ልጁ ይሞላላችኋል፣ ትሄዳላችሁ። እኔም ከሳቢያን ወደ ከዚራ ሰው ጭኜ ስሄድ ያንኑ አደረግኩ። ብዙም ሳልርቅ ባጃጇ ትንተፋተፍ ጀመር። ባለችበት ስትቆም ትሠራለች፣ ነዳጅ ስሰጣት ትታነቃለች። ትጠፋለች፣ ትንሽ ቆይታ ደግሞ ትነሳለች። ተሳፋሪዎቹ ሳይከፍሉ ወረዱ። አልፈርድባቸውም።

ቅርብ የነበረው ጋራዥ እዚያው ከልጁ ጎን ያለው ነው። የሰፈር ልጆች ገፍተው አስገቡልኝ። መካኒኩ ምንም ነገር ሳይፈታ "ፋሻ ጨርሷል፣ ሞተሩ ይወርዳል" አለኝ። ፋሻ ማለት የፒስተኑ ቀለበት ነው። ፋሻ ያለቀበት ሞተር እኮ ሰማያዊ ጭስ ያጨሳል፣ ዘይት ይበላል። የኔዋ ጭስም የላት፣ ዘይቷም ልኩ ላይ ነው። ይህንኑ ስነግረው ወደ ረዳቱ ዞሮ ሳቀ። "እህቴ፣ አንቺ ሒሳቡን አዘጋጂ፣ ሞተሩን ለኛ ተይው። ካልሆነ ጋሪ ንጂ አቦ!" በር ላይ በርጫ የያዙት ሁሉ አብረውት ሳቁ።

ሞተር አላስወርድም ስል ወሬው ተቀየረ። ቤንዚኑን ከአየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ይታጠብ፣ እሳት የሚሰጠው ካንዴላ ይቀየር፣ ታንከሩ ይደፋ። 2,800 ብር፣ ቅድሚያ ክፍያ። ከፈልኩ።

ካርቡሬተሩን ሲፈታ ከሥሩ ያለችውን ትንሽ ሳህን ግማሹ በተቆረጠ ሃይላንድ ውስጥ ገለበጣት። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከላይ ቤንዚን፣ ከታች እንደ ዶቃ የሚንከባለል ውሃ። 1 ሊትር ውሃ 1 ኪሎ ነው፣ 1 ሊትር ቤንዚን ደግሞ ከ800 ግራም በታች። ስለዚህ ውሃው ይዘቅጣል፤ ካርቡሬተር የሚስበው ደግሞ ከሥር ነው። ሞተሩን ያነቀው ይኸው ነው እንጂ የምን ፋሻ! "ይሄ ውሃ አይደል እንዴ?" ስለው "የድሬ ሙቀት ነው፣ አልቧት ነው" አለኝ። ባጃጅ አልቧት!

ረዳቱ ከታንከሬ የቀዳውን ቤንዚን በቢጫ ጀሪካን ይዞ ወደ ጓሮ ገባ። የሚደፋው መስሎኝ ነበር። እጄን ልታጠብ ብዬ ከኋላው ስገባ ያ የሃይላንዱ ልጅ ግንቡ ሥር ቁጢጥ ብሏል። ፊቱ ባዶ ጠርሙሶች ተደርድረዋል። ማንቆርቆሪያው አፍ ላይ የአሮጌ ሽርጥ ቁራጭ ተወጥሯል። ረዳቱ ከጀሪካኑ ያንቆረቁራል፣ ልጁ ጠርሙስ ያቀብላል። ጨርቅ እኮ አፈርና ዝገት ይይዛል እንጂ ውሃ አያስቀርም! ልጁ የሞላውን ጠርሙስ ክዳን ጠምዝዞ ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጨን። አልደነገጠም። ታንከሬ ባዶ መሆኑን ያውቃል። "ስንት ልስጥሽ?" አለኝ።

ደሜ ፈላ። የጋራዡ ባለቤት ጋ ሄጄ ጮህኩ። ጉንጩ እንደተወጠረ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ "የተቀዳ የጋራዡ ነው፣ ሕጋችን ነው" አለ። የምን ሕግ? ደረሰኝ ስጠኝ ስለው ደግሞ ሌላ ሳቅ። ማደያ ብትቀዱ፣ በ2015 ዓ.ም. ክፍያው በዲጂታል ይሁን ከተባለ ወዲህ ቢያንስ ስልካችሁ ላይ ምስክር ይቀራል። ሃይላንድ ምን ምስክር አለው?

ነገሩ ገባችሁ አይደል? ልጁ ይሸጣል፣ ባጃጇ ትታነቃለች፣ ጋራዡ ይቀዳል፣ ልጁ መልሶ ይሸጣል። ያው ውሃ በስንቱ ባጃጅ እንደዞረ እነሱ ናቸው የሚያውቁት።

ሃይላንድ ግድ ከሆነባችሁ ጠርሙሱን ትንሽ አቁማችሁ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋችሁ እዩት፤ ከሥሩ ሌላ መስመር ካለው ተዉት። ነጭ ጋዝ ተቀላቅሎበታል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ነጭ ወረቀት ላይ ጠብ አድርጉ። ንጹሕ ቤንዚን ተንኖ ይጠፋል፣ ነጭ ጋዝ ያለበት የቅባት ምልክት ይተዋል። ከባጃጃችሁ የተቀዳውንም የተፈታውንም ዕቃ ጥላችሁ እንዳትወጡ። የኔ ካንዴላ ምንም ችግር አልነበረበትም፤ አሁን ተወልውሎ "አዲስ ነው" ተብሎ ለማን እንደተሸጠ እግዜር ይወቀው።