ዴቢያን 12 በአሮጌ ቲንክፓድ ላይ፦ ከዓመት በላይ ከተጠቀምኩበት በኋላ

ዊንዶውስ 11 ይህን ላፕቶፕ አይቀበለውም። ኢንቴል ፕሮሰሰር ከሆነ በይፋ የሚቀበለው ከስምንተኛው ትውልድ ወዲህ ያለውን ነው። በዚያ ላይ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕ ይፈልጋል። የእኔው ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ420 ነው፤ በ2011 የወጣ፣ ሁለተኛ ትውልድ ኮር አይ5። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ደግሞ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አበቃ። እኔ ያን ቀን አልጠበቅኩም። ቀደም ብዬ በዊንዶውሱ ፈንታ ዴቢያን 12 ጫንኩበት፤ ዴቢያን ከነፃው ሲስተም ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ ነው፤ አሁን ከዓመት በላይ ሆኖታል። ጽሑፉም፣ ሰንጠረዡም፣ ኢሜይሉም፣ ስብሰባውም በእሱ ነው።

ሰዎች ስለ ሊኑክስ ሲጠይቁኝ መጀመሪያ የሚሉት «አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል ወይ?» ነው። ለእኔ ግን ዕድሜው ብዙም አይነግረኝም። የሚነግረኝ ውስጡ ያሉት ጥቂት ቺፖች የማን ሥራ እንደሆኑ ነው። የዋይፋዩ፣ የግራፊክሱ፣ ከዚያም ከውጭ የሚሰካው ፕሪንተር። ከአሥር ዓመት በላይ ያገለገለ ላፕቶፕ ያለ ምንም ጣጣ ሲነሳ፣ በዕድሜ ከእሱ በብዙ የሚያንስ ማሽን ዋይፋይ አጥቶ ሲንገላታ አይቻለሁ።

ከዋይፋዩ ልጀምር፤ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚያ ነው። የእኔ ካርድ ኢንቴል ሴንትሪኖ አድቫንስድ ኤን 6205 ነው። ድራይቨሩ (ሲስተሙን ከካርዱ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ውስጥ አለ። ግን ድራይቨር ብቻውን አይበቃም። ካርዱ በተነሳ ቁጥር የሚጫንለት ፈርምዌር የሚባል ትንሽ ፋይል ያስፈልገዋል። ፋይሉን ኢንቴል በነፃ ይሰጣል፤ የምንጭ ኮዱን ግን አይሰጥም። ዴቢያን ደግሞ ኮዱ ያልተከፈተ ነገር ዋናው መጫኛ ውስጥ አይገባም ብሎ ለዓመታት የኖረ ፕሮጀክት ነው። ስለዚህ እስከ ዴቢያን 11 ድረስ ዋናው መጫኛ መሀል ላይ ቆም ብሎ ፈርምዌር አምጡ ይል ነበር። ፈርምዌሩን ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል። ኢንተርኔቱ እንዲሠራ ደግሞ ፈርምዌሩ! በ2022 የፕሮጀክቱ አባላት ድምፅ ሰጥተው ይህን ቀየሩት፤ በጁን 2023 የወጣው ዴቢያን 12 ፈርምዌሩን መጫኛው ውስጥ ይዞ መጣ። እኔ ጋ ገና በመጫን ላይ ሳለ የሰፈሩ ዋይፋይ ስሞች ተዘርዝረው መጡ። ዴቢያን 12 ይዟቸው ከመጣቸው ለውጦች ሁሉ ለአሮጌ ማሽን ባለቤት ትልቁ ይሄ ነው ባይ ነኝ።

ሁሉም ቺፕ እንዲህ አይቀናውም። በዚያ ዘመን ከወጡ ላፕቶፖች ብዙዎቹ የብሮድኮም ዋይፋይ ቺፕ አላቸው፤ ከእነዚህም ውስጥ ለብቻው የሚጫን ዝግ ድራይቨር የሚፈልጉ አሉ። ከርነሉ በተቀየረ ቁጥርም ድራይቨሩ እንደገና ይገነባል፤ ብዙውን ጊዜ ራሱ ይጨርሰዋል፣ አንዳንዴ ደግሞ መሀል ላይ ይወድቃል። እንዲህ ያለ ማሽን ከገጠማችሁ አትደናገጡ። ስልካችሁን በቻርጀሩ ገመድ ሰክታችሁ የዩኤስቢ ቴዘሪንግ (የስልኩን ኢንተርኔት በገመድ ማካፈያ) አብሩ። ዴቢያን ስልኩን እንደ ኔትወርክ ካርድ ያየዋል፤ አንዳች ነገር ጫኑ አይላችሁም። የቀረውን በዚያው ዳታ ማውረድ ነው።

ሲምካርድ የሚገባባቸው የድሮዎቹ የዩኤስቢ ሞደሞችም አልተረሱም። እነዚህ መጀመሪያ ሲሰኩ ራሳቸውን ሲዲ ያስመስላሉ፤ ውስጣቸው የዊንዶውስ መጫኛ ስላለ። ወደ ሞደምነት የሚመልሳቸው ዩኤስቢ ሞድስዊች የሚባል ፕሮግራም ነው። መሳቢያ ውስጥ አቧራ ሲጠጣ የከረመውን አንዱን ሰክቼ ነበር፤ ትንሽ አሰብ አድርጎ ሠራ።

ካርዱን ራሱን እቀይራለሁ ለሚል ሰው አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የዚያ ዘመን ቲንክፓዶች ባዮሳቸው (ማሽኑን መጀመሪያ የሚያስነሳው ፕሮግራም) ውስጥ የተፈቀዱ የዋይፋይ ካርዶች ዝርዝር አለ። ከዝርዝሩ ውጭ የሆነ ካርድ ከገባ 1802 የሚል የስህተት ቁጥር ያሳዩና አንነሳም ይላሉ። ይሄ ከሊኑክስ ጋር አይገናኝም፤ ዊንዶውስም ቢጫን ያው ነው።

ግራፊክሱ ለዕለት ሥራ መኖሩን እንኳ አላስታውሰውም። ኢንቴል ኤችዲ 3000 ነው፤ ድራይቨሩ ከርነሉ ውስጥ ስላለ የሚወርድ ነገር የለም። የስክሪኑ ብርሃን መጨመሪያና መቀነሻ ቁልፎች፣ በቪጂኤ የሚሰካው ፕሮጀክተር፣ ድምፁ፣ ካሜራው፣ ሁሉም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሠርተዋል። ጉዱ የሚመጣው ቪዲዮ ላይ ነው።

ይህ ቺፕ ኤች 264 የሚባለውን የቪዲዮ ዓይነት ያለ ፕሮሰሰሩ እርዳታ ይፈታል። ዩቲዩብ ግን ዛሬ አብዛኛውን የሚልከው በቪፒ9 ወይም በኤቪ1 ነው፤ ቺፑ ደግሞ ሁለቱንም አያውቃቸውም። ሥራው በሙሉ ፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቃል። ማራገቢያው ይጮሃል፣ ጭን ይሞቃል፣ ባትሪው ዓይናችሁ እያየ ይወርዳል። መላው ፋየርፎክስ ላይ ኤች264ፋይ የሚባለውን ተጨማሪ መጫን ነው። ለዩቲዩብ ይህ ማሽን የሚያውቀው ኤች 264ን ብቻ ነው ይልለታል። አይ965 የሚባለው የድሮው የቪዲዮ ድራይቨር መጫኑንም አረጋግጡ፤ አዲሱ የኢንቴል ድራይቨር ከአምስተኛው ትውልድ በታች ያሉትን አይነካም። ይህን ካደረግኩ ወዲህ ማራገቢያው ረግቷል። ለቪዲዮ ስብሰባ ግን መላ የለኝም። ሰው ሲበዛ ካሜራዬን አጠፋለሁ፤ የሚጠይቀኝ ካለ ኔትወርክ ነው እላለሁ።

ፕሮግራሞች ከግራፊክስ ቺፕ ጋር ከሚነጋገሩባቸው ቋንቋዎች አዲሱን፣ ቩልካንን፣ ይህ ቺፕ ጭራሽ አይችልም። በቆየው በኦፕንጂኤልም 3.3 ላይ ይቆማል። የ3ዲ ሥዕል መሥሪያው ብሌንደር ለምሳሌ ከ4.0 ጀምሮ ኦፕንጂኤል 4.3 ይጠይቃል፤ ስለዚህ አዲሱን ከድረ ገጹ ብታወርዱት አይሆንም። ዴቢያን 12 ውስጥ ያለው ብሌንደር ግን 3.4 ነው፣ እሱ ይከፈታል። ዴቢያን የቆየ ሶፍትዌር ነው የሚያቀርበው እያሉ የሚያሙት አሉ። እውነታቸውን ነው። ለአሮጌ ማሽን ግን ሐሜቱ ምርቃት ነው።

ከቲ420ዎች መካከል ኤንቪዲያ ኤንቪኤስ 4200ኤም የተጨመረባቸው አሉ። ስትገዙ ተጨማሪ ግራፊክስ አለው ተብሎ በውድ ይቀርብላችሁ ይሆናል። ለሊኑክስ ከሆነ ባይኖረው ይሻላል። ለዚያ ቺፕ የሚሆነው የ390 ድራይቨር ድጋፉ በ2022 ቆሟል። ኑቮ የሚባለው ክፍት ድራይቨር አለ፤ ስክሪን ያሳያል፣ ከዚያ በላይ ብዙ አትጠብቁ።

ስለ ፍጥነት አጭር ነኝ። ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ ቀየርኩ፣ ራሙን 8 ጂቢ አደረስኩ። ሁለቱን ሳያደርግ ሊኑክስ ያፈጥንልኛል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ያዝናል። ገጽታው (ዴስክቶፑ) ኤክስኤፍሲኢ የሚባለው ቀላሉ ነው። ምንም ሳይከፈት ከ1 ጂቢ በታች ራም ይይዛል። ራሙን የሚበላው ብሮውዘሩ ነው፤ እሱ ደግሞ በየትኛውም ሲስተም ላይ ያው ነው።

አሁን ወደ ፕሪንተር። እዚህ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ኮምፒውተር ሲያረጅ ሊኑክስ ይለምደዋል፤ ርካሽ ፕሪንተር ሲያረጅ ግን ይብስበታል። አዳዲሶቹ የኔትወርክ ፕሪንተሮች አብዛኞቹ ድራይቨር አይፈልጉም። ስልክ ያለ ምንም ጭነት እንደሚያትምባቸው ሁሉ ዴቢያንም ያትምባቸዋል። የድሮዎቹም ቢሆኑ ፖስትስክሪፕት ወይም ፒሲኤል የሚባሉትን የፕሪንተር ቋንቋዎች የሚያውቁት ትላልቅ የቢሮ ማሽኖች ችግር የለባቸውም። ጣጣው ትንንሾቹ ሌዘሮች ላይ ነው። እነዚህ ርካሽ የሆኑት የራሳቸው አንጎል ስለሌላቸው ነው። ገጹን ነጥብ በነጥብ የሚያዘጋጅላቸው ኮምፒውተሩ ነው፤ የሚላክላቸውም አምራቹ ብቻ በሚያውቀው ቋንቋ ነው።

ኤችፒ ሌዘርጄት ፒ1102ን ውሰዱ። ለኤችፒ ፕሪንተሮች የሚሆነው ኤችፒኤልአይፒ ዴቢያን ውስጥ አለ። ለፒ1102 ግን እሱ ብቻ አይበቃም፤ ዝግ የሆነ ተጨማሪ ፋይል ከኢንተርኔት መውረድ አለበት፣ ቁጥሩም ከተጫነው ኤችፒኤልአይፒ ጋር መግጠም አለበት። አንዴ ከገጠመ ይሠራል። ካኖን ኤልቢፒ2900 ደግሞ ካፕት በሚባል ቋንቋ ነው የሚሠራው። ለሊኑክስ የወጣለት ድራይቨር ባለ32 ቢት ላይብረሪዎችን የሚጠይቅ የድሮ ሥራ ነው። በጎ ፈቃደኞች የጻፉት ክፍት ድራይቨርም አለ፤ ትዕግሥት ያለው ይሞክረው። የእኔ ፕሪንተር የማን እንደሆነ ይቅር። አንድ ሙሉ ቅዳሜ በላኝ፤ በመጨረሻ ፒዲኤፉን በፍላሽ ይዤ ሰፈር ወዳለው ኮፒ ቤት ሄድኩ። ዛሬም አልፎ አልፎ እሄዳለሁ። የምታትሙት በየቀኑ ከሆነ ከላፕቶፑ በፊት ስለ ፕሪንተሩ አጣሩ።

ክዳኑን ስዘጋው ይተኛል፣ ስከፍተው ይነሳል። ተራ ነገር ይመስላል፤ አይደለም። ብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ኤስ3 የሚባለውን የድሮ የእንቅልፍ ዓይነት ትተውታል። በምትኩ የመጣው አዲሱ ዘዴ ሊኑክስ ላይ ቦርሳ ውስጥ ሆኖ ባትሪ ሲጨርስ ይታያል። ቲ420 ኤስ3 አለው። ማታ ዘግቼው ጠዋት ስከፍተው ከባትሪው የጎደለው ትንሽ ነው።

ባትሪውን የማስተዳድረው ቲኤልፒ በሚባል ፕሮግራም ነው። ከ75 በመቶ በታች ሲወርድ መሙላት ይጀምራል፣ 80 ሲደርስ ያቆማል። ሁልጊዜ ቻርጀር ላይ ለሚውል ላፕቶፕ ባትሪውን ያቆይለታል። መብራት ሲጠፋ ግን ያቺ 20 በመቶ ታስቆጫለች። ክረምት ሲገባ ገደቡን አነሳዋለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ሰው በከንቱ ሊኑክስን የሚረግምበት። ማሽኑ ተነስቶ ድረ ገጾቹ ሁሉ ደህንነታቸው አልተረጋገጠም ይላሉ። አፕት የሚባለው የዴቢያን ፕሮግራም መጫኛም የፓኬጅ ዝርዝሩ ገና አልጸናም ብሎ አላዘምንም ይላል። ቀኑን ስታዩት ዓመታት ወደኋላ ሄዷል። ጥፋተኛዋ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር2032 የሳንቲም ባትሪ ናት፤ አልቃለች። ኢንተርኔት ሲገኝ ሰዓቱ ብዙ ጊዜ ራሱን ያስተካክላል፤ ባትሪዋን መቀየር ግን ይሻላል። ለዚህ ላፕቶፕ የምትሆነው ሽቦ ያላት ናት፤ የሰዓት ሠሪ ባትሪ ብቻ ይዛችሁ እንዳትመጡ።

አማርኛ ላይ ብዙ የምለው የለኝም፤ ደህና ነው። አይባስ (የኪቦርድ ቋንቋ መቀያየሪያው) ላይ ኤም17ኤን የሚባለው ሲጨመር በእንግሊዝኛ ፊደል እየተመታ አማርኛ የሚያወጣው ሴራ ኪቦርድ ይመጣል። ኪማን የሚባለው የኪቦርድ ፕሮግራምም ለሊኑክስ አለ። ፓወር ግዕዝ የለመደ እጅ መጀመሪያ ላይ ይሳሳታል፣ ከዚያ ይለምዳል። በኒያላ ፎንት የተጻፈ ደብዳቤ ሊብረኦፊስ (በማይክሮሶፍት ኦፊስ ፈንታ የሚሠራው ነፃ ፕሮግራም) ላይ ሲከፈት መስመሩ ይንሸራተታል፤ ፎንቱ የማይክሮሶፍት ስለሆነ ዴቢያን ውስጥ የለም። እኔ በአቢሲኒካ እንዲተካ አድርጌዋለሁ። ዩኒኮድ ሳይመጣ በነበሩት ፎንቶች የተጻፉ የድሮ ፋይሎች ግን መቀየሪያ ይፈልጋሉ። ሥራው በፒችትሪ የሆነ የሒሳብ ባለሙያ ዊንዶውሱን አይጣል፤ ፕሮግራሙ የተሠራው ለዊንዶውስ ነው።

ከእኔውም የባሰ ያረጀ ማሽን ላላችሁ፣ ፕሮሰሰሩ ባለ64 ቢት መሆኑን አስቀድማችሁ እዩ። በኦገስት 2025 የወጣው ዴቢያን 13 ለባለ32 ቢት ማሽን መጫኛ የለውም። ለእነዚያ የመጨረሻው ዴቢያን 12 ነው፤ የረጅም ጊዜ ድጋፉም እስከ ጁን 2028 ይዘልቃል። ቲ420 ባለ64 ቢት ስለሆነ ወደ 13 መሄድ ይችላል። እኔ ግን አልቸኮልኩም።

ለመግዛት ካሰባችሁ ሳይጫን የሚሠራውን የዴቢያን ላይቭ ፋይል (ኢሜጅ) ፍላሽ ላይ ጽፋችሁ ሱቁ ድረስ ይዛችሁ ሂዱ። ዲስኩን ሳይነካ ከፍላሹ ይነሳል። ስልካችሁ ላይ ሆትስፖት ከፍታችሁ ዋይፋዩን ሞክሩ፣ ድምፅና ካሜራውን እዩ፣ ክዳኑን ዘግታችሁ ክፈቱ። ኤልኤስፒሲአይ የሚለውን ትእዛዝ ብትሰጡት ውስጡ የማን ቺፕ እንዳለ ይዘረዝርላችኋል። ወደ ባዮሱም ግቡ። የሱፐርቫይዘር ፓስወርድ ከጠየቃችሁና ሻጩ ካላወቀው ተዉት፤ ቲንክፓድ ላይ ያ ፓስወርድ የሳንቲም ባትሪዋን በማውጣት አይጠፋም።