ሌባው ቢታወቅም የሚነበብ ልብ ወለድ
የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ ፍጻሜው ከታወቀ በኋላ ዳግመኛ አይነበብም የሚለውን አስተያየት ለረጅም ጊዜ እጋራ ነበር፤ ሐሳቤን ያስለወጠኝ እንግሊዛዊው ዊልኪ ኮሊንስ በ1868 እ.ኤ.አ. ያሳተመው «የጨረቃ ድንጋይ» ነው። ከሕንድ የተዘረፈ አልማዝ ለአንዲት ወጣት በልደቷ ቀን ተሰጥቶ በዚያው ሌሊት ሲሰወር፣ ታሪኩን ተራ በተራ የሚተርኩልን የየራሳቸው ጠባይና ወገንተኝነት ያላቸው ሰዎች ናቸው። ከሁሉም የወደድሁት፣ ሌላው ዳዊቱን እንደሚገልጥ ሁሉ፣ ግራ በተጋባ ቁጥር «ሮቢንሰን ክሩሶ» የተባለውን ልብ ወለድ እየገለጠ ምክር የሚሻውን አዛውንቱን የቤት አገልጋይ ቤተርጅን ነው። ጽጌረዳ ወዳዱ መርማሪ ሳጅን ካፍ በግምቱ መሳሳቱም ይበልጥ ሰው አድርጎታል። በአንጻሩ የሚስ ክላክ ትረካ ቢያስቅም ረዝሟል፤ የምስጢሩ መፍቻም (እዚህ አልገልጠውም) ሙሉ በሙሉ አላሳመነኝም። ያም ሆኖ ሌባውን እያወቅሁ ሁለተኛ ጊዜ ሳነበው ከመጀመሪያው ይልቅ ቀስ ብዬ ነበር።