2ን እንጂ 5ን የማያውቅ ቺፕ፦ የሲዲ4060ቢ ግምገማ

ሲዲ4060ቢ ባለ 16 እግር የሲሞስ ቺፕ ነው። በሆዱ የኦሲሌተር (ድግግሞሽ አመንጪ) ክፍልና በሰልፍ የቆሙ 14 ፍሊፕፍሎፖች ይዟል። እያንዳንዱ የደረሰውን ድግግሞሽ ለሁለት ከፍሎ ለሚቀጥለው ያቀብላል፤ የመጨረሻው ጋ ሲደርስ የገባው ድግግሞሽ ለ16,384 ተካፍሏል። ከ3 እስከ 18 ቮልት ስለሚሠራ በባትሪም በአዳፕተርም ይሆናል። ለሰዓትና ለጊዜ ቆጣሪ ሥራ ጓዝ የማያበዛ ጥሩ ዕቃ ነው። ግን ከመግዛታችሁ በፊት የክሪስታላችሁን (ድግግሞሹን የሚወስነውን ዕቃ) ቁጥር ወደ ብቸኛ ቁጥሮች ዘርዝሩት። ይህ ቺፕ የሚያውቀው 2ን ብቻ ነው።

የእጅ ሰዓት ክሪስታል 32,768 ሄርዝ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። ቁጥሩ 15 ሁለቶች እርስ በርስ ተባዝተው የሚሰጡት ነው። አካፋዮቹ 16 ሲሆኑ ሁሉም የ2 ርቢዎች ናቸው፤ ለ4060 የተሰፋ ልብስ ማለት ነው። 10 ሜጋሄርዝ ክሪስታል ግን ሌላ ነው። 10,000,000 ውስጥ 2ም 5ም ሰባት ሰባት ጊዜ ስላሉ 64 አካፋዮች አሉት፤ ሆኖም አካፋይ መብዛቱ ለዚህ ቺፕ አይጠቅምም። ለ16,384 ብታካፍሉት 610.35 ገደማ ነው፤ ምንም ብትቀጥሉ በሁለት በሁለት እየከፈሉ 1 ሄርዝ ላይ መድረስ አይቻልም። የግድግዳው 50 ሄርዝም ያው ነው፤ 2 አንዴ፣ 5 ሁለቴ። (መብራት ሲጠፋ ሰዓቱ አብሮ መጥፋቱ ሳይቆጠር።) 5 ላለበት ቁጥር 74ኤችሲ390 ይሻላል፤ አንዱ ቺፕ ሁለት ጊዜ በ10 ያካፍላል፣ ለ10 ሜጋሄርዝ 4 ቺፕ ይበቃል። መጀመሪያ በ5 ቀጥሎ በ2 አካፍሉ፤ ያኔ የሞገዱ ከፍታና ዝቅታ እኩል ጊዜ ይይዛሉ። ከገለበጣችሁት ከአምስት አንዱን እጅ ብቻ ከፍ ብሎ ይቆያል።

ወደ 4060 እንመለስ። ክሪስታሉ አንድ እግሩ ከቺፑ 11ኛ እግር ጋር፣ ሌላው በ330 ኪሎኦም ሬዚስተር በኩል ከ10ኛው ጋር ይገናኛል። ከ10ኛው ወደ 11ኛው 10 ሜጋኦም፣ ከክሪስታሉ ሁለት እግሮች ወደ ግራውንድ ደግሞ ባለ 22 ፒኮፋራድ ካፓሲተር አንዳንድ። 330 ኪሎኦሙን “ያለሱም ይሠራል” ብሎ መዝለል የተለመደ ስህተት ነው። አዎ ይሠራል፤ ግን ይህ ዓይነቱ ክሪስታል የሚችለው አብዛኛውን ጊዜ 1 ማይክሮዋት ያህል ብቻ ነው፣ በተለይ በ9 ወይም በ12 ቮልት ያለ ሬዚስተር ከነዳችሁት ድግግሞሹ ይንሸራተታል፣ ሲብስም ይሰበራል። 12ኛው እግር ሪሴት ስለሆነ ግራውንድ ላይ እሰሩት። ባዶውን ከተተወ እጅ ሲቀርበው ቆጠራው ይዘላል ወይም ይቆማል፤ ከፍ ሲል ቆጣሪውን ዜሮ ከማድረጉ በላይ ኦሲሌተሩንም ያጠፋል። በ16ኛውና በ8ኛው እግር (በኃይልና በግራውንድ) መካከል 100 ናኖፋራድ ቺፑን አስጠግታችሁ ብየዱ።

ድግግሞሹን ስትለኩ 10ኛውንና 11ኛውን እግር አትንኩ። የኦሲሎስኮፕ ፕሮብ በራሱ ጥቂት ፒኮፋራድ ስለሚጨምር የምትለኩት ሌላ ድግግሞሽ ይሆናል፤ አንዳንዴም ክሪስታሉ ጭራሹን ይቆማል፣ ፕሮቡ ሲነሳ ደግሞ ይነሳል። 7ኛው እግር ላይ ለኩ፤ 2,048 ሄርዝ ካያችሁ ሁሉም ደህና ነው። ከዚያ 3ኛው እግር 2 ሄርዝ ይሰጣል።

አዎ፣ 2 እንጂ 1 አይደለም። ብዙ ሰው የሚገረመው እዚህ ነው፤ 15 ሁለቶች አሉ፣ ፍሊፕፍሎፖቹ ግን 14 ናቸው። የጎደለችውን አንዷን ሁለት ፍሊፕፍሎፕ ካለው ሲዲ4013 ውሰዱ። የ4060ን 3ኛ እግር ከ4013 3ኛ እግር፣ የ4013ን 2ኛ ከራሱ 5ኛ አገናኙ፤ 4ኛና 6ኛው ግራውንድ ላይ። 1 ሄርዝ በ1ኛው እግር ይወጣል። ያልተጠቀማችሁበትን ግማሽ (ከ8 እስከ 11 ያሉትን እግሮች) ግራውንድ ላይ እሰሩ።

ሌላው ጉድለት የውጤት እግሮቹ ናቸው። ኃይል፣ ኦሲሌተሩና ሪሴቱ ስድስት እግር ስለወሰዱ ለ14ቱ ደረጃዎች (ፍሊፕፍሎፖች) 10 ብቻ ቀርተዋል። 1ኛ፣ 2ኛ፣ 3ኛና 11ኛ ደረጃ አይወጡም፤ በሰዓት ክሪስታል 16 ሄርዝ የፈለገ ሰው ከ8ና ከ32 መካከል ቆሞ ይቀራል። ውጤቶቹም ደካማ ናቸው፣ በ5 ቮልት 1 ሚሊአምፕ ገደማ፤ ኤልኢዲ በትራንዚስተር አብሩ። የፍጥነት ገደብም አለበት፤ 4.194304 ሜጋሄርዝ ክሪስታል (22 ሁለቶች ነው) በ5 ቮልት ለሲዲ4060ቢ አይታመንም፣ ዋስትናው 3.5 ሜጋሄርዝ ነው። ያኔ 74ኤችሲ4060ን ግዙ፤ እሱ ደግሞ ከ6 ቮልት በላይ አይወድም።

ትክክለኝነቱ የክሪስታሉ እንጂ የቺፑ አይደለም። በሚሊዮን 20 ስህተት ያለው ክሪስታል በቀን እስከ 1.7 ሴኮንድ ይስታል። ሙቀት ከ25 ዲግሪ ወደ 45 ሲወጣ በቀን ሌላ 1.2 ሴኮንድ ገደማ ይዘገያል።

ደቂቃ ለመቁጠር 60 ያስፈልጋል፣ 60 ውስጥ ደግሞ 3 እና 5 አሉ። እዚህ ሲዲ4040ን (ሌላ በሁለት የሚያካፍል ቆጣሪ ቺፕ) ጨምሩ፤ ውጤቶቹ በሙሉ ይወጣሉ። 1 ሄርዙን 10ኛው እግር ላይ አስገቡ። ዘዴው ቆጠራው 60 ሲደርስ ቺፑ ራሱን ወደ ዜሮ እንዲመልስ ማድረግ ነው። 60 ማለት 32፣ 16፣ 8 እና 4 ሲደመሩ ስለሆነ 2ኛ፣ 3ኛ፣ 5ኛና 6ኛ እግሩን በአራት ዳዮድ (1ኤን4148) ሰብስቡ፤ ካቶዳቸው ወደ ውጤቶቹ፣ አኖዳቸው በአንድነት ወደ 11ኛው ሪሴት እግር፣ ከዚያም በ100 ኪሎኦም ወደ ኃይል። 10 ኪሎኦም ካደረጋችሁ ደካማው ውጤት ሪሴቱን በቅጡ ዝቅ ላያደርገው ይችላል። ከሪሴቱ ወደ ግራውንድ 100 ፒኮፋራድ ብታክሉ ሁሉም ፍሊፕፍሎፕ ዜሮ ሳይሆን ሪሴቱ የሚለቅበት ዕድል ይቀንሳል። የደቂቃው ምልክት 2ኛው እግር ላይ ነው፦ 32 ሴኮንድ ዝቅ፣ 28 ሴኮንድ ከፍ።