የተላጠ ባሕር ዛፍ ወይስ «ደረቅ ግራር»? የክረምት ማገዶ ከመግዛታችሁ በፊት

ጥቅምት ሲጋመስ ጎረቤቶቼ ይጠይቁኛል። «ዘንድሮ የቱን እንጨት እንግዛ?» ደብረ ብርሃን ብርዱ ቀልድ ስለማያውቅ ጥያቄው ከባድ ነው። መልሴን ከወዲሁ ልናገር። እርጥብ ባሕር ዛፍ ኅዳር ላይ ግዙ፣ አስፈልጡ፣ ራሳችሁ አድርቁ። ሐምሌ ላይ «ደረቅ ግራር» ተብሎ የሚሸጠውን የተላጠ ግንድ ግን አንዱን ሳታስፈልጡ ገንዘብ አትቁጠሩ።

ከሁለት ዓመት በፊት ለአባቴ ሙት ዓመት 4 ኩንታል ገዛሁ። ኩንታሉ 1,300፣ በድምሩ 5,200 ብር። «ከሸዋ ሮቢት የመጣ ግራር ነው፣ ድርቅ ያለ» ተባልኩ። ግንዱ ቅርፊት የለውም። ላዩ ግራጫ ነው፤ ጫፉም ተሰነጣጥቋል። አመንኩ። ሌሊቱን ምጣዱ አልሰማ አለ። ከእንጨቱ ጫፍ ውሃ እየተንፈቀፈቀ ይወጣል፤ ቤቱ በጭስ ታፈነ። እንጀራው ዐይን አላወጣ አለ፤ የእህቴ ዐይን ግን በጭስ ቀልቶ አደረ።

በማግስቱ አንዱን ፍልጥ መዘንኩት፤ 4 ኪሎ። ምድጃ አጠገብ ሦስት ሳምንት አስቀምጬ ስመዝነው 3 ኪሎ ሆነ። ሩቡ ውሃ ነበር ማለት ነው። ስለዚህ ኩንታሉን በ1,300 ሳይሆን በ1,733 ብር ነው የገዛሁት። ግራርም አልነበረም። ባሕር ዛፍ ነበር።

የተላጠ ግንድ የሚያታልለው እዚህ ላይ ነው። ቅርፊት ከሌለው ላዩ ቶሎ ይደርቃል፤ ፀሐይ ሲመታው በጥቂት ሳምንት ግራጫ ይሆናል። ልቡ ግን እርጥብ ነው። የጫፍ ስንጥቅም ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ ጫፍ ሁልጊዜ ቀድሞ ይደርቃል። አንዱን ወፍራም ግንድ አስፈልጡና የውስጡን ገጽ ጉንጫችሁ ላይ አስጠጉት። ከቀዘቀዛችሁ ውሃ አለበት። ሁለት ፍልጥ ስታጋጩ ደረቁ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ እርጥቡ ይታፈናል።

ዓይነቱን ለመለየትም መፈለጡ ግድ ነው። ግራር ሲፈለጥ ልቡ ጠቆር ያለ ቀይ ቡናማ ነው፤ ዙሪያውን ነጣ ያለ ቢጫ ቀለበት ይከበዋል፣ ድንበሩም በግልጽ ይታያል። ከነጩ ክፍል ደቃቅ ዱቄት ከረገፈ ነቀዝ ገብቶበታል፤ ዋጋ አስቀንሱበት። ባሕር ዛፍ እንዲህ ያለ ግልጽ ድንበር አይታይበትም፤ ሐመር ሆኖ ወደ ሮዝ ወይም ቀላል ቡናማ ያዘነብላል። በተላጠው ግንድ ላይ ስንጥቁ ብዙ ጊዜ ጠምዘዝ እያለ ይሄዳል። እኔ ያን ቀን ይህን ባየሁ ኖሮ! በማሽተት ለመለየት አትሞክሩ፤ የባሕር ዛፍ ሽታ ቅጠሉ ላይ እንጂ እንጨቱ ላይ ያን ያህል የለም። በጠረኑ የሚታወቀው ጥድ ነው፤ ልቡ ቀላ ይላል፣ የተቀረጸ እርሳስ ይሸታል። ግን ፍንጣሪው አስቸጋሪ ነው፤ ልጆች ባሉበት ቤት አልመክረውም።

ወደ ዋጋው ልመለስ። በደንብ የደረቀ እንጨት፣ ግራርም ይሁን ባሕር ዛፍ፣ ኪሎ በኪሎ የሚሰጠው ሙቀት ተቀራራቢ ነው። ግራር የሚበልጠው ጥቅጥቅ በማለቱና ፍሙ በመቆየቱ ነው። ለቡናና ለጥብስ እሱን የሚያህል የለም። ለእንጀራ ግን የሚያስፈልገን ቶሎ የሚነሳ ነበልባል ነው፤ ለዚህ ደረቅ ባሕር ዛፍ ይበቃል። ስለዚህ እርጥብ እንጨት በሚዛን አትግዙ፤ ውሃ እየገዛችሁ ነው። በጋሪ ጭነት ግዙ። ደረቁን ደግሞ በሚዛን።

አምና ኅዳር ላይ አንድ ጋሪ የተላጠ ባሕር ዛፍ በ1,500 ገዛሁ። ለቋሚ አይሆንም ተብሎ የተጣለ ጠማማ ነው፤ ለማገዶ ምን ቸገረኝ? ለፈላጩ 300 ብር ከፈልኩ። እርጥቡን ስመዝን 3 ኩንታል ነበር፤ ግንቦት ላይ ወደ 190 ኪሎ ወረደ። ኩንታሉ 950 ብር ገደማ ወጣልኝ ማለት ነው። ከ1,733 ጋር አስተያዩት።

ባሕር ዛፍን ሳይውል ሳያድር አስፈልጡት። እርጥቡ ለመጥረቢያ ይታዘዛል፤ ከደረቀ በኋላ ግን ሽብልቅ ያስፈልገዋል፣ ፈላጩም እጥፍ ይጠይቃል። የፍልጡ ውፍረት ከአንድ ጭብጥ ብዙ አይለፍ። ከሥር ድንጋይ ደርድሩና መሬት እንዳይነካ አድርጉ፤ ምስጥም እርጥበትም የሚገባው ከዚያ ነው። ንፋስ በሚያልፍበት በኩል ደርድሩት። ከላይ ቆርቆሮ ብቻ ጣሉበት፣ ጎኑ ክፍት ይሁን። በላስቲክ ጠቅልለው የሚያስቀምጡ ጎረቤቶች አሉኝ፤ በበልግ ዝናብ ሲከፍቱት ሻግቶ ያገኙታል።

ከክምሩ መሐል ሦስት ፍልጥ በከሰል ምልክት አድርጌ በየሁለት ሳምንቱ እመዝናለሁ። ክብደታቸው መቀነሱን ሲያቆም ወደ ማድ ቤት አስገባለሁ። አምና ያቆመው ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ነበር።